ጳጉሜንን የቆጠሩ ሰው፦ የአውሮፕላን መካኒኩ አቶ ቀለመወርቅ ታፈረ (1914–1966 ዓ.ም.)

አቶ ቀለመወርቅ ታፈረ ከአባታቸው ከአቶ ታፈረ አለበልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሬ ጫኔ፣ በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው አገር፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ ቅዱስ ሩፋኤል ስለ ነበር ዝናቡ ይወርድ ነበር፤ እናታቸውም “ልጄ ገና ሲወለድ የሩፋኤል ጠበል ደርሶታልና ክፉ አይነካውም” ይሉ ነበር ይባላል። እኛ የምናውቀው ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሠሩና ሲስቁ መኖራቸውን ነው። ይህን ታሪክ የጻፈው የባለቤታቸው ወንድም መምህር ዳኛቸው ላቀው ሲሆን፣ ሲነበብ ሳቁ የሚያመልጠው ሰው ቢኖር እንዳይሸማቀቅ ከወዲሁ ይለምናል። ሟቹ ራሳቸው ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ሰውን ሳያስቁ ተመልሰው አያውቁም።

አባታቸው አቶ ታፈረ ክረምቱን ገበሬ፣ በጋውን በዓባይ ሰባራ ድልድይ ላይ ገመድ ጎታች ነበሩ። የድልድዩ መካከል ፈርሶ ስለ ነበር ከእስቴ ወደ ሞጣ የሚሻገር ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲህና በወዲያ በቆሙ ጉልበተኞች እየተጎተተ ነው የሚያልፈው። አቶ ታፈረ አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው፤ አንድ ዓመት የሠራ ገመድ ሰው አያነሣም። በየዓመቱ መስቀል ሲውል ደህናውን ገመድ ፈትተው ለከብት ማሰሪያ ይሰጡና በአዲስ ይተኩታል። ጎረቤቱ “ደህና ገመድ የሚጥል፣ ታፈረ ምን ነካው?” እያለ ቢያማቸውም እሳቸው እቴ! ልጃቸው ቀለመወርቅም ከአባታቸው ጋር ገመድ እየገመዱ አደጉ።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በመካነ ኢየሱስ ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ዘመናዊ ትምህርት ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ሃያ ደርሶ ነበርና፣ ወንበሩ ጉልበታቸውን አላስገባ ብሎ ሦስት ዓመት ጠማማ ተቀምጠው ተማሩ። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው የአውሮፕላን ጥገና ሙያ ለሦስት ዓመት ከተማሩ በኋላ፣ በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በንፋስ መውጫ ለተከፈተው የአነስተኛ አውሮፕላን ጣቢያ መካኒክ ሆነው ተመደቡ።

ጣቢያው ማለት ከከተማው ዳር አንድ ሣር ሜዳ፣ አንድ ቆርቆሮ ቤትና አብራሪውን ጨምራ ስድስት ሰው የምትጭን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነበር። አብራሪዋ ካፒቴን አዲስዓለም ነበሩ። መድኃኒት ታመጣለች፣ ደብዳቤ ታመጣለች፣ በቃሬዛ ሦስት ቀን የሚፈጀውን በሽተኛ በአንድ ሰዓት ጎንደር ታደርሳለች። ካፒቴኑ በየማታው ስንት ሰዓት እንደ በረሩ በብጣሽ ወረቀት ይጽፋሉ፤ አቶ ቀለመወርቅ ወረቀቶቹን በሽቦ ሰክተው ያኖሩና በወሩ መጨረሻ ደምረው ከዋናው መሥሪያ ቤት በተላከላቸው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ከአውሮፕላኗ ሥር ካለመጥፋታቸው ብዛት ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ሚስት ሳያገቡ ቆዩ። የንፋስ መውጫ ሰውም “ቀለመወርቅማ አግብቷል፤ ሚስቱ ክንፍ አላት” ይል ነበር።

አባቴ ግራዝማች ላቀው ንጉሤ ከስማዳ ለዳኝነት ንፋስ መውጫ በወጡ ጊዜ ያችን አውሮፕላን አዩ፣ ያንንም ሰው አዩ። ቆይቶም ሽማግሌዎች ስለ አቶ ቀለመወርቅ እኅቴን ይታይሽን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ አባቴ ምንም ሳያንገራግሩ አንድ ነገር ብቻ አሉ። “ልጄን በሰማይ ከወሰዳት እሰጠዋለሁ።” ዋናው መሥሪያ ቤትም የሰባት ዓመት አገልግሎታቸውን ቆጥሮ ለሠርጋቸው ዕለት አውሮፕላኗን ፈቀደላቸው። ሠርጉ ለእሑድ ጥር 22 ቀን 1947 ዓ.ም. ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ አባቴን ማን ይቻላቸው! ከስማዳ እስከ አርብ ገበያ “ልጄ እንደ መልአክ ትበራለች” ሳይባል ገበያ አይፈታም ነበር። የሰፊውን ማሳቸውን ገብስ አሳጭደው ሠላሳ ሰው ሁለት ሳምንት ድንጋይ ለቀመበት፤ ለአውሮፕላኗ ማረፊያ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ደንብ መጣ። እስከዚያ ድረስ ክንፉን ደግፎ የሚይዘውን ብረት ከአካሏ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች በየጊዜው እየተፈቱ ይታዩና ደህና ከሆኑ መልሰው ይታሰሩ ነበር። አዲሱ ደንብ ግን ዕድሜ ወሰነላቸው፤ ሦስት ሺህ ሰዓት የበረረ ብሎን፣ ምንም ደህና ቢመስል፣ ይውጣ፤ ዳግመኛም አይታሰር አለ። አቶ ቀለመወርቅ አንብበው ሲጨርሱ “ይህን የጻፈው አባቴ ነው እንዴ?” ብለው ከት ብለው ሳቁ። መዝገባቸውን ቢያዩ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አራት ሰዓት ይላል። ገና መቶ ሃያ ስድስት ቀርቷል። አዲስ ብሎን እንዲላክ ጻፉና ወደ ሠርጋቸው ዝግጅት ተመለሱ።

ረቡዕ ጥር 18 ቀን የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ከአባቱ ተልኮ ንፋስ መውጫ ደረሰ። መልእክቱ “ይህ ሰው ብረት ከመጥረግ አልፎ እሱ ራሱ ወጥቶባት ያውቃል ወይ?” የሚል ነበር። አቶ ቀለመወርቅ ደስ አላቸው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በተወለዱበት በሩፋኤል ዕለት፣ ካፒቴኑ አሳፍረው በሰባራው ድልድይ ላይ አዙረዋቸው ነበርና፤ አባታቸው አቶ ታፈረ ከታች ከእርሻቸው ሆነው በነጠላቸው ሲያውለበልቡ በዓይናቸው አይተዋል። “ና ቀኑን ላሳይህ” ብለው መዝገቡን ገለጡ። የ1940ን ነሐሴ አዩ፤ ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም 1941 ነው። መለሱና አዩ፤ ያው ነው። የ1941ን አዩ፣ የ1942ን አዩ። ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገቡ የታተመው በውጭ አገር ነበርና አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነበረው። አቶ ቀለመወርቅም ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየመስመሩ ያሰፍራሉ። ጳጉሜን መስመር የላትም። በአገራችንስ ቢሆን ጳጉሜንን ማን ይቆጥራታል? ደመወዝ የለባት፣ የቤት ኪራይ የለባት፣ መጣች ሲሉ አለፈች። የጳጉሜንን ወረቀቶች “በኋላ እደምራቸዋለሁ” ብለው በሌላ ሽቦ ሰክተው ምስማር ላይ ሰቀሏቸው፤ ሰባት ዓመት እዚያው ተሰቅለው ቀሩ። አውሮፕላኗ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ አብዝታ የምትበረው በዚያች በጳጉሜን ነው፤ ወንዙ ሁሉ ሞልቶ በቅሎ ስለማይሻገር አገሩ በሙሉ በእሷ ላይ ይወድቃል።

ካፒቴን አዲስዓለም ተጠርተው መጡ፤ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሠላሳ ስድስት ብጣሽ ወረቀት ደመርን። መቶ ሰማንያ ሰባት ሰዓት ሆነ። ብሎኖቹ ከታኅሣሥ ወዲህ ያለው ሳይቆጠር እንኳ ሦስት ሺህ ስልሳ አንድ ሰዓት በርረዋል፤ ዕድሜያቸው አልፏል ማለት ነው። ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል።

ካፒቴኑ ወዳጅ ናቸውና ለወዳጃቸው አዘኑ። ብሎኖቹ በዚያው ሳምንት ተፈትተው ታይተው ነበር፤ ጭረት እንኳ አልተገኘባቸውም። “ስማኝ ቀለመወርቅ፣ ስማዳ የሃያ ደቂቃ መንገድ ናት። ይታይሽን አምጣትና ሰኞ ጠዋት እንናገራለን። ከእኛ በቀር ማን ያውቃል?” አሉ። አቶ ቀለመወርቅ ሚስት ሳያገቡ የቆዩ ሰው ናቸው፤ ልባቸው ከይታይሽ ላይ ወድቋል፤ አባቴ ደግሞ ቃላቸው ከታጠፈ ልጃቸውን የሚሰጡ ሰው እንዳልሆኑ አገር ያውቃል። ሁሉንም ካሰቡ በኋላ ተነሥተው ቀይ ጨርቅ ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ አሰሩ። ለዋናው መሥሪያ ቤትም በሬዲዮ “አውሮፕላኗ ቆማለች፤ የጳጉሜንን ሰዓት ሳልደምር ቀርቻለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው” ብለው አስተላለፉ። ከሥራ ሊባረሩ እንደሚችሉም ያውቁ ነበር።

ይህን ለአማት በሽማግሌ ማስነገር ይቻል ነበር። እሳቸው ግን “ያጠፋሁት እኔ፣ የምናገረውም እኔ” ብለው ከዚህ ታሪክ ጸሐፊ ጋር በበቅሎ ወረዱ። ሙሽራ ከሠርጉ ቀን በፊት ከሙሽሪት ደጅ አይታይምና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳሱ ሥር ብቅ ሲሉ ሴቶቹ እልል ይበሉ ወይ ይጩኹ ግራ ገባቸው። አቶ ቀለመወርቅ ከአባቴ እግር ላይ ወድቀው ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። አባቴ መጀመሪያ ነገሩ የገባቸው አይመስልም ነበር።

“ብሎኑ ተሰብሯል?”

“አልተሰበረም፣ ጌታዬ።”

“ተሰንጥቋል?”

“አልተሰነጠቀም።”

“ዝጓል?”

“አልዛገም። ዕድሜው ሞልቶ ነው።”

“ዕድሜው ከሞላማ የእኔም ሞልቷል፤ እኔንም አውጥተህ ጣለኛ!” አሉና ዱላቸውን አነሡ። “ገብሴን አሳጭጄ፣ አገር ጠርቼ፣ ለደህና ብረት ልዋረድ? ስማኝ፣ በሰማይ ካልሆነ ልጅ የለኝም!”

አቶ ቀለመወርቅ ከተንበረከኩበት ሳይነሡ “ጌታዬ፣ ወደ ሞጣ ስንት ጊዜ ተሻግረዋል?” ብለው ጠየቁ። አባቴ በቁጣ “አራት ጊዜ! ታዲያ ምን ይሁን?” አሉ። “የጎተትዎት አባቴ ታፈረ ናቸው። ገደሉ አፍ ላይ ወገብዎን ሲያስሩዎት፣ ገመዱ ደህና ነው ወይ ብለው አንድ ቀን ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?” የታፈረ ገመድ ተጠይቆ አያውቅም፤ የሚሻገሩበት ሁሉ በየመስቀሉ እንደሚለወጥ ያውቃሉ። አባቴ ዱላውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። “የታፈረ ልጅ መሆንህን ማን ነገረኝ?” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሽማግሌዎች የነገሯቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ እሳቸው ስለ አውሮፕላኗ ሲያወሩ አልሰሙም እንጂ።

እናቴም ከጓዳ ሆነው “ተመስገን! መጀመሪያውንስ ልጄን ከደመና ጋር ማን አጋባት? በቅሎ ጫኑ!” አሉ። እኅቴ ይታይሽ ደግሞ በሚዜዎቿ በኩል መልእክት ላከች፦ “በበቅሎ እሄዳለሁ፤ የበቅሎዋ ዕድሜ አለመሙላቱን ግን አስቀድሞ ይቁጠርልኝ።” ይህን ሲሰሙ አባቴ ሳቁ፤ እሳቸው ከሳቁ ወዲያ ማን ይቀራል፣ ዳሱ ሁሉ ሳቀ። አቶ ቀለመወርቅ ግን በዚያ ሳቅ መካከል አለቀሱ። ለምን እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ “እሺ ትላለች ብዬ ስላልጠበቅሁ ነው” ይሉ ነበር።

ሙሽራው ወግ እንዳይፈርስ ከመንደሩ ተባረው ማዶ ካደሩ በኋላ እሑድ እንደ አዲስ መጡ። ሚዜያቸው ካፒቴን አዲስዓለም ናቸው። ሰማዩን እንደ ግቢያቸው የሚመላለሱበት ካፒቴን፣ በቅሎ ላይ ወጥተው የማያውቁ ኖረው፣ ሠርጉን በሙሉ ቆመው በሉ። ሙሽሪት የሄደችባትን ሸጋ በቅሎ ያዋሱት የንፋስ መውጫው ነጋዴ አቶ ጁሃር ናቸው፤ ኮርቻዋን በራሳቸው እጅ በሐር ጨርቅ አልብሰው ሰደዷት። ሴቶቹም መንገዱን ሁሉ እንዲህ እያሉ ሸኟቸው፦

ሙሽራው ብልህ ነው፣ ብሎን ይቆጥራል፣
ሙሽራዋን ትቶ ብረት ያማክራል።

አቶ ቀለመወርቅ ይህን ዘፈን ወደዱት፤ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻም ጢማቸውን ሲላጩ ያንጎራጉሩት ነበር።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ምላሽ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ አልተከራከሩም፣ ፈርመው ተቀበሉ። ሁለተኛው ደግሞ በሌሎቹ ጣቢያዎች ያሉት መዛግብት እንዲመረመሩ የተሰጠውን ትእዛዝ የሚያስታውቅ ነው። ሲመረመር፣ ኧረ ጉድ! በሌሎች ሁለት ጣቢያዎችም ጳጉሜን የለችም። እዚያም ያሉት መካኒኮች ጎበዞች ነበሩ፤ ብቻ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጣቢያ ያለችው አውሮፕላንም ሰዓቷ ካለፈ ሰንብቶ ኖሮ በዚያው ቀን ቆመች። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ መዝገቡ ባለ አሥራ ሦስት መስመር ሆኖ ታተመ።

የወጡት ብሎኖች አዲስ አበባ ተልከው ተመረመሩ። ውጤቱም “ጉድለት አልተገኘባቸውም” የሚል ነበር። ሰው ሁሉ “ደህናውን ብሎን የጣለ” እያለ ሲስቅባቸው፣ አቶ ቀለመወርቅ “እሰይ፣ ደህና ሆኑልኝ! መበላሸታቸውን ሰማይ ላይ ባውቅ ኖሮ ለማን ልናገር ነበር?” ይሉ ነበር።

አዲሶቹ ብሎኖች በመጋቢት መጨረሻ ደረሱ። ጾም ስለ ነበር የሠርጉ መልስ ፋሲካን ጠብቆ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1947 ዓ.ም. ሆነ። በዚያን ዕለት አቶ ቀለመወርቅና ወይዘሮ ይታይሽ ከንፋስ መውጫ ተነሥተው በሃያ ደቂቃ ከአባቴ የገብስ ማሳ ላይ አረፉ። ከማሳው ዙሪያ የተሰበሰበውን ሕዝብ ቁጥር ለመናገር ያዳግታል፤ ከእስቴ ድረስ የመጣ ነበረ። አባቴ ልጃቸውን አቅፈው ሲያበቁ ራሳቸው ተሳፍረው አንድ ጊዜ ዞሩ። ሲወርዱ ላብ አጥምቋቸው “ለእኔስ በቅሎዬ ትሻለኛለች” አሉ፤ በማግስቱ ግን አርብ ገበያ ላይ የተናገሩት ሌላ ነው። ያ ማሳ ዳግመኛ አልታረሰም። እስከ ዛሬ የስማዳ ወላድና በሽተኛ የሚነሣው ከእሱ ላይ ነው።

አቶ ቀለመወርቅ ከ1952 እስከ 1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መካኒኮችን አስተማሩ። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው “ዓመት ስንት ወር ነው?” የሚል ነበር፤ አሥራ ሁለት ያለ ቆሞ ይማራል። በ1959 ዓ.ም. ወደ ሚወዱት ንፋስ መውጫ ተመልሰው የሦስት ጣቢያዎች ተቆጣጣሪ ሆኑ። በሃያ አምስት ዓመት አገልግሎታቸው ከእጃቸው ወጥታ ያልተመለሰች አውሮፕላን የለችም። ከባለቤታቸው ጋር ሦስት ልጆች አፍርተው በፍቅርና በቀልድ ኖረዋል፤ አንድ ቀን ድምፅ ተነሥቶ ከቤታቸው ከተሰማ የሳቅ ነው።

በመስከረም 1966 ዓ.ም. ሕመም በልባቸው ላይ ተነሣ። ደብረ ታቦር የመረመሯቸው ሐኪም አዲስ አበባ እንዲታከሙ ስላዘዙ ጥቅምት 15 ቀን በአውሮፕላን ሊሄዱ ተዘጋጁ። በዚያው ጠዋት እሳቸው ራሳቸው አስተምረው ያሳደጓቸው መካኒክ ደምሌ እያለቀሱ ከመኝታቸው አጠገብ መጥተው ቆሙ። የነዳጁ የጎማ ቱቦ የተወሰነለት አምስት ዓመት ትናንት ሞልቶ ነበር፤ አዲሱም ገና አልደረሰም። ወይዘሮ ይታይሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ ቀለመወርቅ ግን ከትራሳቸው ቀና ብለው “የሞላው ትናንት ነው?” አሉ። ደምሌ “አዎ፣ ጋሼ” አሉ። “ቀይ ጨርቁን አስረሃል?” “አስሬያለሁ።” ያን ጊዜ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። “እሰይ የእኔ ልጅ! ለእኔ ብለህ ብታስነሣት ኖሮ ያስተማርኩህን ሁሉ ውኃ በልቶት ነበር። በል ላንድሮቨር ፈልግልኝ” ብለው ግንባራቸውን ሳሟቸው። በመኪና ሁለት ቀን ተጉዘው በደህና ገቡ፤ ሐኪሞቹም የመንገዱ መዘግየት በሕመማቸው ላይ የጨመረው እንደሌለ አረጋግጠውልናል። ሦስት ሳምንት ያህል ሲታከሙ አስታማሚውን ሁሉ ሲያስቁ ከርመው ኅዳር 9 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይታይሽ ላቀውን፣ ልጆቻቸውን ውዴን፣ ቻላቸውንና አለሙሽን፣ እንዲሁም ዛሬም ስማዳ ላይ በበቅሏቸው የሚሄዱትን አማታቸውን ግራዝማች ላቀውን ትተውልን ሄደዋል። ለፈራ መንገደኛ ሁሉ ገመዱን አስቀድመው የፈተሹለትን አባት ልጅ፣ የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ በማያረጀው አገር ያሳርፍልን። ለቤተሰባቸውም ያንን የሳቃቸውን ጸጋ ይተውልን።

አስከሬናቸውን አጅባችሁ ዛሬ ጠዋት በአውሮፕላን ለመጣችሁ እንግዶች አንድ ቃል አለን። ቱቦው ተለውጧል፤ ሰዓቱም እስከ ትናንት ማታ ድረስ ተደምሯል፤ ደምሌ ፈርመዋል። ሳትፈሩ ተሳፈሩ፤ በደህና ግቡ።